ደረቅ ወደብ

ኮምቦልቻ ላይ ወደብ አለ፣ ባሕር ግን የለውም፤
መርከብ አይጮኽበት፣ ዓሣ አይሸትም።
ኮንቴይነር ነው ያለው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጭኖ፣
እኔም ቁጥር ጸሐፊ፣ ላቤ ባንገቴ ላይ ጨው ሆኖ።

አምና በግንቦት መባቻ
ብርማ ቪትዝ ወረደች፣ ጭረት ያለባት በግራ ጎኗ ብቻ፤
ከጃፓን ተልካ፣ ተቀባይዋ የደሴ ፒያሳው ጨርቅ ነጋዴ አራጋው፤
ለፍተሻ ምንጣፏን ገለጥ ባደርገው
አሸዋ።
እንደ ተፈጨ ኑግ የጠቆረ፣ የደቀቀ አሸዋ።
ቀመስኩት። ጨው ጨው አለኝ።
ከዳሽቦርዷ ኪስም አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣልኝ።

ፊደሉ አልገባኝም፤ ሥዕሉ ግን አላስቸገረኝ፦
ጨረቃ ትሞላለች፣ ትጎድላለች፤ ከጎኗ ቁጥር፣
ቀስት ወደ ላይ፣ ቀስት ወደ ታች።
ባሕሩ በሸሸበት ጭቃ ላይ ሴትዮዋ ባልዲ ይዛ አጎንብሳለች፣
ዛጎል ትለቅማለች፤
ልጇ ሸርጣን ያባርራል፤
ከወዲያ ከምድሩ እንፋሎት ይነሣል፤
እንፋሎቱ ሥር ሰዎች እስካንገታቸው አሸዋ ውስጥ ተቀብረው
ይስቃሉ፣ ነጭ ፎጣ በራሳቸው አሥረው።
ቀረጥ የማይከፈልበት ዕቃ ነው ብዬ
ለአባቴ ወሰድኩለት፣ ከአለቃዬ ተከልዬ።

አባቴ ይማም ሽፋው፣ የኤንትሬ ሾፌር፣
ሃያ ሁለት ዓመት በባቲ፣ በሚሌ፣ አሰብ ሲመላለስ የነበር፣
መነጽሩን አድርጎ አየው፤ አገላበጠው፤
«ይሄማ» አለኝ፣ «የባሕር መሄጃና መምጫ ሰዓት ነው።
አሰብ ጭነት ስጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ላይ፣
ባሕሩ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሄደ፣ ኪራይ እንዳለበት ተከራይ፤
ዕቃውን ሁሉ ጥሎ! ገመድ፣ ጠርሙስ፣ ዛጎል፣ የዓሣ አጥንት።
ጫማዬን ዳር አውልቄ ገባሁ፣ ወለሉን ልረግጥለት፤
ስዞር ተከራዩ ተመልሷል።
አንድ እግር ጫማዬን ወስዷል።
ለምን አንዱን? ሁለቱን ቢወስድ ባልከፋኝ፤
እስከ ሚሌ ድረስ ፍሬኑ ባዶ እግሬን ፈጀኝ።»

ወረቀቱን ከአልጋው ራስጌ በሚስማር ሰቀለው።
የየትኛው ዓመት እንደሆነ ማናችንም አላወቅነው።
እሱ ግን ጠዋት ተነሥቶ «አሁን ሸሸ» ይላል፤
ማታ እራት ቀርቦ «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ብሎ
እጁን ከሰሃን ያነሣል።

ቅዳሜ ለጉልበቱ ሐርቡ ፍል ውሃ ወረድን በሚኒባስ።
ከምንጩ ዝቅ ብሎ ውሃው የተወው አሸዋ አለ፣ ለብ ያለ፣ ልስልስ፤
ተጋደመበትና «እንደ ሥዕሉ አድርጊኝ» አለ።
እጄ አልነሣ አለ።
ስንቴ «አፈር ስሆን ቅመስ» ብዬው፣ ስንቴ በአፈር ለምኜው፣
እሱን አፈር ማልበስ ግን ልምምድ የሚደረግለት ነገር ነው?
«አብሽሪ» አለኝ፣ «አንገቴ ጋ ስትደርሺ ታቆሚያለሽ።»
አንገቱ ጋ ደረስኩ።
አቆምኩ።

ጀሪካን የያዘ ልጅ «ኸረ ሰው ቀበረች!» ብሎ ጮኸ፤
ፎጣ ያገለደመ ሁሉ ከየገንዳው ወጥቶ ከበበን።
ራሱ ብቻ የቀረው አባቴ «አሰላሙ አለይኩም» አላቸው፤
የሚመልስ ጠፋ፣ ሣቅ ቀደማቸው።

ሲበተኑ ደረቱን አየሁት፤
አሸዋው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣
ይቆያል፣
ደግሞ ከፍ ይላል።
እኔ ቁጥር ጸሐፊዋ
አልቆጠርኩትም።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።
«ስድስት ተኩል።»
«እንግዲህ እዚያ ተመልሶ እየመጣ ነው፤ አውጪኝ።
ጫማዬንም አቀብዪኝ፣
ሁለቱንም።»